ግድግዳው ስማ

ዛሬ ጠዋት ግድግዳው ፈረሰ። ልጄ ሰናይት በቦታው በብሎኬት ልትሠራ ነው፤ ጣሪያውንም ያለፈው ክረምት ቀድሟት አውርዶታል፤ ስለዚህ «ተይው» የምልበት አፍ አልነበረኝም። የፕላስቲክ ወንበር አውጥተውልኝ ከበሩ ማዶ ተቀምጬ አየሁ። ሁለት ጎረምሶች በድጅኖ ሲንዱት አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ይረጩበት ነበር። የቆየ ጭቃ ውሃ ሲነካው የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭስ፣ ገለባ፣ እበት፣ የሰው ኑሮ። ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው አንደኛው ልጅ ድጅኖውን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። በግድግዳው ወገብ ላይ ቀዳዳ አግኝቷል። ከወዲያ በኩል ድንጋይ ተወትፎበታል፤ ከወዲህ በኩል ጨርቅ። በሁለቱ መካከል ባዶ ቦታ ነበር።

«እማማ፣ ይቺ ምን ነበረች?» አለኝ።

«እሳት መቀባበያ።»

«ክብሪት አልነበረም እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ክብሪትማ ነበር። ጨርቁን ተቀበልኩት። የእናቴ የነጠላዋ ጥለት ነው፤ ቀለሙ ጠፍቶ አመድ መስሏል። ድንጋዩን ጎረምሳው ከፍርስራሹ ጋር ወረወረው።

ቤቱን የሠራው አያቴ ነው። ለሁለት ሴት ልጆቹ፣ ለታላቋ ለአዝመራና ለእናቴ ለሐረጉ፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ፣ ጣሪያቸው አፈር የሆነ ሁለት የድንጋይ ቤቶች ሠራላቸውና በመካከላቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ አቆመ። በግድግዳው ላይ ቀዳዳ የተወው «አንዳችሁ ቤት እሳት ሲጠፋ ሌላችሁ እንድታቀብሉ» ብሎ ነው አሉ። እኔ ሳድግ በዚያ ቀዳዳ ያላለፈ ነገር የለም፤ ፍም፣ እፍኝ በርበሬ፣ የታጠፈ ቂጣ፣ የሰፈር ወሬ። አባቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ያሳደጉኝ እነዚህ ሁለት ሴቶች ናቸው። አክስቴ ልጅ አልነበራትም። ባሏ «አልወለድሽልኝም» ብሎ ወደ ሰሃላ ቆላ ወርዶ ሌላ አገባ፤ እሷም ያንን አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። በቀዳዳው በኩል «ልጃችን በላች ወይ?» ብላ ስትጠይቅ ነው የማስታውሳት። «ልጅሽ» ብላ አታውቅም።

የዚያን ጊዜ ሰቆጣ እንዳሁኑ የባጃጅ ጥሩምባ አልነበረባትም። ገበያ ሲውል ግመሎች አሞሌ ጭነው በቁልቁለቱ ሲገቡ አንገታቸው ላይ ያለው ደወል ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ጨው የሚራገፍበት ማዕዘን ላይ መሬቱ ነጥቶ ፍየሎች ሲልሱት ይውላሉ። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ የሞባይል ካርድና ቻርጀር ይሸጣል። ነጭ ማር በቅል ሙሉ በብር ከስሙኒ ነበር፤ ስንገዛ እንኳ ሻጩ በእንጨት ጨልፎ መዳፋችን ላይ ያስቀምስልን ነበር። እኔ አዲስ አስተማሪ ሆኜ በመጀመሪያ ደመወዜ የቴትሮን ቀሚስና ተረከዝ ያለው የላስቲክ ጫማ ገዛሁ፤ ጫማው ፀሐይ ሲመታው እግሬን ያቃጥለኝ ነበር፤ ግን አላወልቀውም። ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በነበረው ጠጅ ቤት በር ላይ አንድ ዓይነ ስውር መሲንቆ መቺ ይቀመጥ ነበር። ሰው ሲያልፍ በእግር ኮቴው አውቆት በስሙ ይገጥምበት ነበር። የኔን የላስቲክ ጫማ ድምፅ ሰምቶ የገጠመብኝን ዛሬም ብቻዬን ስሆን እያስታወስኩ እስቃለሁ። አሁን ከዚያ ሰፈር ስንቱ አለ? መሬቱም ሰዉም ብዙ አይቷል፤ ያንን ተናግሮ የሚጨርሰው የለም።

ነገሩ የተነሣው በፍየል ነው። ዝናቡ ያጠረበት ዓመት ነበር፤ እህል እንደ ዓይን ብርቅ ሆኖ ነበር። አክስቴ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ ነበረችና ለጠላው ያበቀለችውን ብቅል ግቢዋ ውስጥ ሰሌን ላይ አስጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የእናቴ ፍየል፣ ያውም ለመውለድ የከበደች ፍየል፣ ገመዷን በጥሳ ገብታ ብቅሉን ጠራርጋ በላችው። አክስቴ ስትመለስ አየች። የማኅበርተኛው ጽዋ እሷ ቤት ሊጎድል ነው፤ ከሰው ፊት ልትዋረድ ነው። ዱላ አንስታ ፍየሏን መታቻት። ፍየሏም ወዲያው አስወረደች።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ምላሷ ግን ከእግሯ ይፈጥን ነበር። የወደቀውን ግልገል አይታ፣ ከዚያ እህቷን አየችና እንዲህ አለች፤

«ያልወለደች እጅ ለከበደች ምን ትራራለች!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አክስቴ ዱላውን ጣለችው። ፊቷን ወደ ሚካኤል አዞረች። ሁልጊዜ ስትቆጣ በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ነበር የምትቆጣው፤ ያን ዕለት ግን ጎረቤት ሁሉ፣ ከሌላ አገር የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ሳይቀር፣ እንዲሰማላት ነው መሰል በአማርኛ ተናገረች፤

«ከዛሬ ጀምሮ ደጅሽን ብረግጥ፣ ቃል ብመልስልሽ፣ ውሃሽን ብጠጣ፣ ውሃም ባጠጣሽ፣ የቅዱስ ሚካኤል ግዝት ይሁንብኝ!»

በዚያው ቀን ማታ በቀዳዳው ከወዲያ በኩል ድንጋይ ተወተፈ። እናቴም «እንዲያማ ከሆነ» ብላ የነጠላዋን ጥለት ቀዳ ከወዲህ ወተፈችው።

ግዝት የማያውቅ ሰው ይስቅ ይሆናል። በታቦት ስም ያሰሩትን ነገር ዝም ብሎ መጣስ ቤት ያፈርሳል፣ ዘር ያጠፋል ይባላል፤ የሚፈታው የንስሐ አባት ነው። የሁለቱም የንስሐ አባት አባ ገብረ ሕይወት ነበሩ። ቀይ፣ ቀጭን፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው፤ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። መፍታቱ ደግሞ ከባድ አልነበረም፤ ጥፋትን መናገር፣ መስገድ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» መባል። አባ ራሳቸው «እኔ የምፈልገው ሁለት እግር ብቻ ነው፤ ይዛችሁልኝ ኑ» ይሉ ነበር። አክስቴ ግን «እሷ በቅድሚያ ይቅርታ ትበለኝ፤ ከዚያ እፈታለሁ» አለች። እናቴ «እሷ ናት ያሰረችው፤ እሷ ትፈታ፤ ከዚያ ይቅርታ እላለሁ» አለች። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ትክክል መሆን እንደዚያ ሰው ሲጎዳ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖሩ። ሁለቱም ከጾም አንዲት አትቀራቸውም፤ ፍልሰታን በውሃና በቆሎ ያሳልፋሉ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። አንድ በር ይሳለማሉ፣ አንድ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ በሴቶች መቆሚያ በኩል አንዷ በዚህ ጥግ፣ ሌላዋ በዚያ ጥግ። ቁርባን ሲደርስ ግን ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። ቂም ይዞ አይቆረብማ። አባ አንድ ፍልሰታ ላይ ሁለቱንም እዚያው ግቢ ውስጥ አይተው «እናንተ እኮ ብልሆች ናችሁ፤ ከሥጋው ጾማችሁ እህታችሁን ትበላላችሁ» አሏቸው። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እናቴም አክስቴም ሳቁ። ከዚያ በየፊናቸው ሄዱ።

ይልቅ የነሱን ብልሃት ልንገራችሁ። ግዝቱ «ቃል ብመልስልሽ» ነበር የሚለው፤ ስለ ግድግዳ አላነሣም። አንድ ቀን ነፋስ የእናቴን የታጠበ ልብስ ሲወስደው አክስቴ አየችና በቤቷ ውስጥ ቆማ ጮኸች፤

«ግድግዳው ስማ! የሰው ልብስ ቁልቁለት እየወረደ ነው!»

እናቴ ሮጣ አመጣችው። ስትመለስ ወደ ግድግዳው ዞራ «ግድግዳው ስማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተከፈተ። «ግድግዳው ስማ፣ ጣሪያው በዚያ በኩል ያፈሳል።» «ግድግዳው ስማ፣ ነገ ተዝካር አለ፤ የምትሄድ ካለች በጠዋት ትነሣ።» «ግድግዳው ስማ፣ ያቺ ሳል አላማረችኝም፤ ጤና አዳም ይፈላ።» ምግቡም በኔ በኩል ነበር። አክስቴ ድፎ ዳቦ ትሰጠኝና «ላንቺ ነው፤ ከፈለግሽ ጎረቤትሽን አካፍያት» ትለኛለች። እናቴ ቆርሳ «ለልጄ ከተሰጠው ነው እንጂ ከማንም አልበላሁም» ትላለች። እኔ በሁለቱ መካከል እስቅ ነበር። ያኔ ነገሩ ሁሉ እንደ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ከሁለቱም በኩል ጸሎት ይሰማኝ ነበር። እናቴ ጨርሳ «አሜን» ስትል፣ ከወዲያ በኩል ሌላ «አሜን» ይከተላል። ለማን ጸሎት አሜን እንደምትል ግድግዳው ያውቃል።

እናቴ የታመመችው እህል ፍለጋ ወደ ተከዜ ቆላ ወርዳ ስትመለስ ነው። ወባ ነው አሉ። ክሊኒኩ ኪኒን ሰጣት፣ መርፌም ወጋት፤ ትኩሳቱ ትንሽ ይተውና ይመለስ ነበር። ባለሙያው መጨረሻ ላይ መርፌውን መልሶ ሲያስቀምጥ እንደማትተርፍ ገባኝ። ያን ዕለት ቀትር ላይ እናቴ ዓይኗን ገልጣ «ውሃ» አለች። ከእንስራው ቀድቼ አቀረብኩላት። ፊቷን አዞረች።

«ከሷ» አለችኝ።

«ከማን?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ባለ በሌለ ጉልበቷ «ግድግዳው ስማ» አለች፤ «ይቅር በይኝ በላት።»

ከወዲያ በኩል የአክስቴ ድምፅ መጣ፤ ግድግዳው ላይ ግንባሯን አስደግፋ የምትናገር ይመስል ቅርብ ነበር፤

«ግድግዳው ስማ፤ ይቅር ብያታለሁ በላት። ድሮ ነው ይቅር ያልኳት በላት።»

እናቴ ፈገግ አለች። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ አክስቴ ውሃ በጣሳ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ዓመታት ሙሉ ያልረገጠችው ደጅ ነው። እግሯ መድረኩ ጋ ደርሶ ቆመ።

«ግቢ እንጂ፣ አክስቴ!» አልኳት።

«አባ ይምጡ።»

«ምን?»

«ግዝቱን ይፍቱልኝና እገባለሁ። ሰው ልኬአለሁ።»

አባ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለንግሥ ሄደው ነበር። ጎረቤታችን በበቅሎ ተልኳል፤ ግን እሳቸው እስኪመጡ ቀኑ ይመሻል። እኔ አበድኩ። «እናቴ ውሃ እየጠማት ነው! ከአንቺ እጅ ነው የምትፈልገው!» አልኳት። ውሃው ከጣሳው እየተፈናጠረ መድረኩ ላይ ይወርድ ነበር።

«ልጃችን፣ በኔ ላይ ቢወርድ ግዴለኝም» አለችኝ። «ሕይወቴን ይውሰደው። በሷ ላይ ቢወርድስ? ከነትኩሳቷ? ሚካኤልን ጥሼ ገብቼ ብገድላትስ?»

«በይ ስጪኝ፤ እንደ ዳቦው በኔ በኩል ይሁን። እኔ ላጠጣት።»

ይህን ስላት እንዴት እንዳየችኝ አልረሳውም። ጣሳውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ያ ብልሃት ነበር» አለች። «ሚካኤልን ብዙ ዓመት በብልሃት አታልዬዋለሁ። ዛሬ ግን እህቴ በእጁ ናት፤ ዛሬ አላታልለውም።»

ይኸው ነው። የአዝመራ ጥበብ ሁሉ ለልብስና ለዳቦ ሆኖ በውሃው ቀን አለቀ። ማታለል በማያስፈልግበት ጊዜ ስታታልል ኖራ፣ ትንሽ ማታለል ጽድቅ በሆነበት ቀን እውነተኛ ሆነች። ፍቅር ነበር ያቆማት፤ እመሰክርላታለሁ። ፍቅር ግን ሞኝ ሲሆን ከጠላት ይብሳል። እናቴ አልጋው ላይ ሆና ወደ በሩ ታያለች፤ አክስቴ በር ላይ ሆና ወደ አልጋው ታያለች። ፀሐይዋ ከመድረኩ ላይ ወደ ግቢው ሸሸች። በመጨረሻ የእናቴ ዓይን እዚያው በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ሳልገነዘብ አክስቴን ገባት። ጮኸች፤ ግን በዚያም ጊዜ እንኳ መድረኩን አልተሻገረችም።

አባ ሲደርሱ ከበቅሎዋ ሳይወርዱ በለቅሶው ተረዱ። አክስቴ ጣሳውን ይዛ እግራቸው ላይ ወደቀች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አባ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ልጄ አዝመራ፣» አሉ፤ «ሚካኤል ክፉ እንዳታደርጊ ያስራል እንጂ ደግ እንዳታደርጊ ያስራል እንዴ? ለታመመ ውሃ የሚከለክል ምን ግዝት አለ? ገና ከአፍሽ ሳይወጣ የፈረሰ ግዝት ነው።»

አክስቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ነበር።

«ይህንን ትናንት ቢነግሩኝ ምን ነበረ፣ አባ?»

አባ ገብረ ሕይወት መልስ የማያጡ ሰው ነበሩ። ያን ዕለት ግን የበራችን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ጥምጥማቸው ተፈታ፤ አላስተካከሉትም።

«እኔም የናንተን እግር ስጠብቅ የራሴን ረሳሁ» አሉ። «ቀልድ አደረግሁት። ቤታችሁ ከቤቴ ስንት እርምጃ ነበር? ልጄ፣ አንቺም እኔን ፍቺኝ።»

ከዚያ መስቀላቸውን አሳለሟትና ፈቷት። አክስቴ ተነሥታ መድረኩን ተሻገረች። በጣሳው ውስጥ የቀረውን ውሃ በመዳፏ እየቀዳች የእህቷን ፊት አጠበችው። የያዘችው ውሃ ለዚያ ሆነ።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረች፤ የኔንም ልጆች አዘለች። ጨርቁንም ድንጋዩንም ከቀዳዳው አላወጣችም፤ እኔም አልነካሁት። በየጠዋቱ ግን ከወዲያ በኩል እሰማት ነበር። «ግድግዳው ስማ፤ ዛሬ ደመና ነው።» «ግድግዳው ስማ፤ ልጃችን ወልዳለች፤ ሴት ናት።» ያቺ ሴት ሰናይት ናት፤ ዛሬ ግድግዳውን ያፈረሰችው።

ብልህ በሰው ይማራል፣ ሞኝ በራሱ ይማራል ይላሉ። እኛ ቤት በሁለቱም የተማረ አላየሁም። ሰናይትና ወልድያ ያለው ወንድሟ ሀብታሙ ከተኳረፉ ቆዩ። እኔን ማን ይጡር በሚል ነው የተጀመረው፤ እሱ በስልክ «አንቺማ እናቴን አስታመምኩ እያልሽ ቤቷን ልትወስጂ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ «ብሎክ አድርጌዋለሁ» ትለኛለች። ብሎክ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ነው ያስረዳችኝ፤ እሱ ቢደውል አይገባም፣ ቢጽፍ አይደርስም። ቄስም አያስፈልገውም፤ በአንድ ጣት ይታሰራል። «በአንድ ጣት ይፈታ አይደል?» አልኳት። «እሱ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ያኔ እፈታዋለሁ» አለችኝ። «ብሎክ አድርገሽው በምን ይጠይቅሽ?» ብላት ተቆጣች። ሀብታሙ የሚደውለው በኔ ስልክ ነው፤ አንዳንዴ «ሰናይት ደህና ናት?» ይላል፤ እሷ አጠገቤ ሆና ትሰማለች፤ ፊቷን ታዞራለች። እኔ ግድግዳ ሆኛለሁ።

ዛሬ ጎረምሶቹ ሲሄዱ ጨርቁን ይዤ ገባሁና ይህንን ሁሉ ነገርኳት። ፍየሉን፣ ብቅሉን፣ በሩን፣ ጣሳውን። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አወራሁ። ሰናይት አንድ ጊዜ ዓይኗን ጠረገች። ስጨርስ ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ አየችው፤ እነሆ ዛሬ ትፈታዋለች ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። ገልብጣ አስቀመጠችው።

«አፍሽ ደረቀ፣ እማዬ፤ ውሃ ላምጣልሽ?» አለችኝ።

ንጹሕ ብርጭቆ አጥባ ሞልታ አመጣችልኝ። እጄን ዘረጋሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እጄን መለስኩና ፊቴን ወደ ሚካኤል አዙሬ፣

«ከሀብታሙ እጅ ካልሆነ ብጠጣ!» አልኩ።

የተናገርኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሰናይት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ከውጭ ድምጿን አልሰማሁም፤ የደወለች እንደሆነ፣ የምታለቅስ እንደሆነ አላውቅም። ወልድያ ሩቅ ነው፤ የዛሬው አውቶቡስ ሄዷል። ያልኩት ብልሃት ይሁን የእናቴ ቤት ሞኝነት መለየት አቃተኝ። ውሃው እዚያው ነው። ጠምቶኛል።